እጇን ጉንጯ ላይ ያደረገችው ጀርመናዊት

ቤቴ የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እኔ ራሴ የማላውቃቸውን ሰዎች ፊት ነበር። ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን፣ ሊፍቱ እንዳሻው በሚሠራበት ሕንፃ ውስጥ የተከራየኋት ክፍል ግድግዳዋ በሙሉ በድሮ የጀርመን ፊልም ፖስተሮች ተሸፍኖ ነበር። ጥላቸው ከራሳቸው የሚረዝም ወንዶች፣ ዐይናቸውን የተኳሉ የገረጡ ሴቶች፣ ወዴት እንደሚወስዱ የማይታወቅ ደረጃዎች። አብሮ አደጌ "የሰይጣን ማኅበር" ይለዋል። "እንደ ሰው ካላንደር ብትሰቅል ምን አለበት?" እያለ ያበሽቀኛል። እኔም ቶሎ እበሽቃለሁ።

የፊልም ሱስ የለብኝም፤ አብዛኞቹን ፊልሞች አይቻቸው አላውቅም። የምወደው ወረቀቱንና ቀለሙን ነው። በደርግ ዘመን የኅትመት ሙያ እንድማር ምሥራቅ ጀርመን ተልኬ ነበርና እንዲህ ያለ ፖስተር በእጄ የነካሁት እዚያ ነው። ካናዳ ገብቼ ማተሚያ ቤት ሥራ ሳገኝ ትርፍ ጊዜዬን ሁሉ ፖስተር ፍለጋ ጀመርኩ። እዚህ አገር ማንም የማይፈልገው ጀርመንኛዬም አንድ ጥቅም አገኘ።

የምገዛው ዳንፎርዝ አካባቢ ከሚኖሩ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት ነው። ሟች ባላቸው ከአገራቸው ጭነው ያመጧቸውን ፖስተሮች በሰፋፊ መሳቢያዎች አስተኝተው ይይዛሉ፤ በቋንቋቸው ለሚያናግራቸው ሰው አንድ አንድ እያወጡ ይሸጣሉ። አንድ የመስከረም ቅዳሜ፣ ከመጨረሻው መሳቢያ ታች፣ በአራት የታጠፈ አንድ ፖስተር አወጡ። የታችኛው ጠርዝ ተቀዶ የፊልሙ ስም ጠፍቷል። ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች ሴት መስኮት ሥር ተቀምጣ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋለች። በቡናማ ቀለም ስለታተመች፣ ወረቀቱም በዕድሜ ስለጠየመ፣ ፈረንጅነቷ ጠፍቷል። የእጥፋቱ መስመር ግራ ቅንድቧን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ልክ እህቴ በልጅነቷ ወድቃ የተረፋት ጠባሳ ያለበት ላይ።

"እህቴን ቁርጥ!" አልኳቸው።

አሮጊቷ ሁለታችንን አፈራርቀው አዩን። "እንግዲያው ወደ ቤትዎ ይውሰዷት" አሉኝ።

እህቴ ደሴ ናት። እናታችን ስትሞት እሷም ልጅ ነበረች፤ ግን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ማታ ማታ ደጃፍ ላይ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ ጎረቤቶች "አንቺ ልጅ፣ ሟርት ነው፣ እጅሽን አውርጂ!" ይሏታል። አትሰማቸውም። እኔ እንደሷ ሳደርግ ግን እጄን መታ ታወርደዋለች። ፎቶ መነሣት አትወድም፤ የነበረችኝ አንዲት ፎቶዋም ከጀርመን ስወጣ ከሻንጣዬ ጋር ቀርታለች። ያን ክረምት ኩላሊቷን ታማ ስለነበር ሐሳቤ ሁሉ እሷ ላይ ነበር።

ፖስተሩን ከበሩ ትይዩ ሰቀልኩና በማግሥቱ የስልክ ካርድ ገዝቼ ደወልኩ። እሷ የምትጠራልኝ በሰፈራችን ባለሱቅ ስልክ ነው። ፈረንጅ ሆና እንዳገኘኋት ነግሬ ላስቃት ቸኩያለሁ።

"ጠበል ሄዳለች" አለኝ ባለሱቁ።

"የት ጠበል?"

"ራቅ ያለ ነው። ስልክ የለውም።"

ደስ አለኝ። መንገድ ከቻለች ተሽሏታል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

በዚያው ሳምንት አብሮ አደጌ መጣ። እንደ ልማዱ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ በሩ ላይ ቀረ። ዐይኑ ፖስተሯ ላይ ነው።

"እህቴን አትመስልም?" አልኩት በኩራት። "እሷን ያየ እህቴን አየ።"

"ከየት አመጣሃት?"

"ገዛኋት። ምነው?"

"ምንም።" ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ። ያቀረብኩለትን ምግብ ነካ ነካ አድርጎ ተወው። ሲወጣ "አውርዳት በናትህ" አለኝ። ይኼ ሰው ልመና አያውቅም።

ቀጥሎ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ወጥ በሳህን ይዘው መጡ። ያለ በዓል ያለ ምክንያት። እሳቸውንም "እህቴን ትመስላለች" አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱና ግድግዳውን እያዩ ቆሙ።

"ምነው እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች?" አሉ በቀስታ።

"ሠዓሊው ነዋ፣ እትዬ።"

"እሱስ ልክ ነህ ልጄ" አሉና አማተቡ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልጥም አለኝ። ለወትሮው ዞር ብሎ የማያየኝ ሰው ሁሉ ደግ ሆነ። አንዱ እራት ይጋብዘኛል፣ አንዱ "ብቻህን አትሁን" ብሎ ይደውላል። ቤቴ የመጣው ግን ገና በሩ ላይ ድምፁ ይጠፋል። እኔ ስለ እህቴ ሳወራ መሬት መሬት ያያል። እኔም ሰው ቤት መቆየት አቃተኝና የባሰ ከእሷ ጋር ዋልኩ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል የሕንፃው ማሞቂያ ተለቀቀ። ደረቁ ሙቀት ወረቀቷን እያኮማተረ፣ ከሥራ ተመልሼ በሩን ስከፍት ከግድግዳው ነፋ ብላ መልሳ ትለጠፋለች፤ እንደሚተነፍስ ደረት። የወረቀት ጠባይ ነው፤ ሙያዬ ነው፤ አውቀዋለሁ። ግን አንድ ምሽት መብራት ሳላበራ "እንደምን አመሸሽ?" ብዬ ሰላም ስላት ራሴን ሰማሁት፤ ከዚያ የምትመልስልኝ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩ። ፈራሁ። የትልቅ ሰው ፍርሃት ያሳፍራል፤ ቶሎ ብዬ መብራቱን አበራሁ።

ደሴ ደወልኩ። አሁንም ጠበል ናት።

በማግሥቱ ፖስተሯን ጠቅልዬ፣ ሰብዌይ ባቡር ውስጥ ጉልበቴ ላይ አጋድሜ፣ አሮጊቷ ዘንድ መለስኳት። እንግዶቼ እንደሚፈሯት ነገርኳቸው።

"እርስዎን ምን አደረገችዎ?"

"ምንም።"

"ወረቀት ናት፤ ምን ታደርጋለች!" አሉና ጥቅሉን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። "የሚፈሩት ሰዎችዎ ናቸው፤ እነሱን ይጠይቋቸው።"

አልጠየቅኩም። አውቀህ ነው ያልጠየቅከው የሚሉኝ አሉ፤ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። መልሼ ቦታዋ ላይ ሰቀልኳት።

ታንክስጊቪንግ የሚሉት የምስጋና በዓላቸው፣ ሰኞም ሥራ የሌለበት ሎንግ ዊኬንድ፣ ደረሰ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ከፊት፣ እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አብሮ አደጌ ከሁሉም ኋላ። ማንም እንደምን አደርክ አላለም። በዚያ ሰዓት፣ ያን ያህል ሆኖ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ አበሻ የለም።

"መቼ?" አልኩ፣ ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ።

የመለሰልኝ አብሮ አደጌ ነው። ያረፈችው መስከረም መባቻ ላይ ነበር፤ ፖስተሯን ከመግዛቴ በፊት። ወሬው ለእሱ በስልክ ደርሶታል። ብቸኛ ስለሆንኩ ሁሉም ከሥራ ኦፍ ሆኖ አብሮኝ የሚቀመጥበት ሎንግ ዊኬንድ እስኪደርስ ከባለሱቁም ጋር ጭምር ተማክረው ደብቀውኛል።

"ያን ቀን 'እህቴን አትመስልም?' ስትለኝ" አለ እያለቀሰ፣ "እሷው ቀድማን መርዶውን ልትነግርህ የመጣች መሰለኝ። ስትስቅ ሳይህ ዕብድ ልሆን ነበር።"

ጮኽኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እትዬ ደረቴን ይዘው "እርምህን አውጣ፣ ልጄ" ሲሉኝ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ረፋዱ ላይ ቤቱ ሞላ። እህቴን አይተው የማያውቁ ሴቶች እንደ ወጉ ፎቶዋን ጠየቁ። ፎቶ የለኝም። አብሮ አደጌ ሌሎቹን ፖስተሮች ሊያወርድ ጀምሮ ነበር፤ እጁን ወደሷ ሲዘረጋ እትዬ ያዙት።

"እሷን ተዋት" አሉ፤ ወደ ሴቶቹም ዞረው "ይቻት" አሏቸው።

ሴቶቹ አዩዋትና እንደ አዲስ ተነሡ። "ይኼን መልክ አፈር ይብላው!" እያሉ ስሟ ላልታወቀ ጀርመናዊት ደረት ደቁላት። አላረምኳቸውም። ማንን ላርም? እኔም የማለቅሰው ወደሷው እያየሁ ነበር።

ከቀትር በኋላ ድምፁ በረደ። ከሥሯ፣ ወለሉ ላይ፣ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። እጄ ጉንጬ ላይ እንደሆነ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ቤቱ ሙሉ ትልልቅ ሰዎች እያዩኝ፣ አውርድ ያለኝ አንድም አልነበረም።