ኮስታራው ድንኳን ተካይ

በ1985 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ነፋስ ስልክ፣ እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ድንኳን አከራይ ዘንድ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው ቀን የብረት ቋሚ ተሸከምኩ፣ ካስማ በመዶሻ መታሁ፣ ሸራ ወጠርኩ። ግርማ የሚባል ባልደረባዬ ሲቀልድ ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ካስማ ሲመታ ዓይን ካስማው ላይ ነው።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነቱ ኮስታራ ነው! ጥርስ የለህም እንዴ?» አለኝ።

«አለኝ፤ ለምግብ ነው» አልኩት።

ስሙ በዚያው ጸደቀብኝ። ቁጡ ማለታቸው ከሆነ ተሳስተዋል። ቁጡ ይጮኻል፤ እኔ ጮኼ አላውቅም። አኩራፊም አይደለሁም፤ አኩራፊ ሥራ ጥሎ ይሄዳል።

የድንኳን ተካዮቹ አለቃ በእርጅና ሲለቅ ቦታው ለእኔ ይገባ ነበር። ቋሚ ሲዘም ከሩቅ የማየው እኔ ነኝ። ጠየቅኩ።

«ታደሰ፣ በሥራህ አላማህም» አሉኝ እትዬ በላይነሽ፤ «ፊትህ ግን ሙሽራ ያስደነግጣል።»

«የምናከራየው ድንኳን ነው፣ ፊቴን አይደለም» ብያቸው ወጣሁ። ሹመቱን ለግርማ ሰጡት።

አንድ ቀን ግርማና ተካዮቹ ልጆች ጎፋ የሰርግ ድንኳን ነቅለው በቀጥታ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ለቅሶ ቤት ሄዱ። ሰርግ ቤት ገመድ የምንስበው በዘፈን ነው፤ ጉልበት ይሰጣል። እጃቸው ገመዱን ሲይዝ አፋቸው በልማድ የሰርጉን ዘፈን ጀመረ። የሟች ልጅ እየጮኸ ወጣ።

«ንቀሉ! እናቴን ልቀብር ነው ወይስ ልድር?»

ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ሜዳ ላይ ሊቀመጥ ነው። እትዬ በላይነሽ እኔ ሸራ ወደማጥብበት መጡ።

«ታደሰ፣ ስሜን አድንልኝ።»

ሄድኩ። መዶሻ ሳላነሳ ቤት ገብቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኩ። ቆይቼ ስነሳ ልጅየው ተከትሎኝ ወጣ።

«አለቃቸው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«አንተ ካለህ ይተከል። እንዳንተ ያለ ኮስታራ ሰው ነው የምፈልገው።» የእድሩን ሰዎች ጠርቶ «አግዙት» አላቸው።

ለቀስተኛው ሲመለስ ድንኳኑ ቆሞ ጠበቀው። በዚያው ዕለት አለቅነቱ ለእኔ ሆነ።

ኮስታራ ማለት የቆመበትን ቤት የሚያውቅ ሰው ነው። ሌላ ትርጉም አላውቅለትም።

በማግስቱ ጠዋት ሰርግ ቤት ነበርን። ግርማ አንገቱን ደፍቶ ገመድ ይስባል፤ ልጆቹም ፈርተውኝ ጭጭ ብለዋል።

«ግርማ» አልኩት፤ «ዛሬ ሰርግ ነው፣ ዘፈን አውጣ እንጂ!»

አወጣ። እኔም ፊቴን ሳልፈታ ተቀበልኩት።