ሦስተኛው ጠለል

ካርቶን በምላጭ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ፍኖተ ሰላም ወስዶ ይጥለኛል። ትናንት ልጄ ለትምህርት ቤት ሥራ ካርቶን ስትቆርጥ ሸተተኝና የያዝኩትን ትቼ ቁጭ አልኩ።

ከገጠር መጥተን አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተን የምንማር ሁለት ልጃገረዶች ነበርን። ስንቅ ሲያልቅብን ዓርብ ወደየቤታችን ሄደን ድርቆሽና በሶ ተሸክመን እንመለሳለን። ደባሌ ሒሳብ ሲነሳ ረኀቧን የምትረሳ ጉደኛ ነበረች።

አንድ ኀሙስ የፕላዝማ ቴሌቪዥኑ አስተማሪ ስለ ጠለል፣ ዳርቻ ስለሌለው ዝርግ ነገር፣ በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ያስረዳ ነበር። ሁለት ጠለሎች ከተቋረጡ አንድ ሙሉ መስመር ይጋራሉ አለ። ሦስተኛው ከላይ መውረድ ጀመረ። ሳያርፍ መብራት ጠፋ። ክፍሉ በጩኸት ሲናወጥ ደባሌ የጠቆረውን መስታወት እያየች ቀረች። መምህራችን «በሉ፣ ሰኞ እኔው አሳያችኋለሁ» ብለው አሰናበቱን።

ቤት ስንገባ የብስኩት ካርቶን በምላጭ ሰንጥቃ ሁለቱን ቁራጮች እርስ በርስ አቆላለፈቻቸው። «ሦስተኛው ግን የት ነው የሚያርፍ?»

«ሰኞ ትሰሚው የለም?»

ፊቷ ጠቆረ። «እቤት ሽማግሌ ተልኳል አሉ። ከሄድኩ የምመለስ አይመስለኝም።»

«እንግዲያው አትሂጂ! የእኔን እንበላለና።»

«ያንቺስ መች ተረፈ እቴ?»

እውነቷን ነበር። ከረጢቴን ባራግፈው የበሶ ብናኝ ብቻ ወጣ። በማግስቱ ወደየቤታችን ስንለያይ ባዶ ከረጢቷን በብብቷ ይዛ ሄደች። ሰኞ መምህራችን የክፍሉን ጥግ በጠመኔ ነክተው «ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ፣ ይኸው እዚህች ነጥብ ላይ» ሲሉ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሠርጓን ሰማሁ። በጣም አለቀስኩ። የተቆላለፉትን ካርቶኖች ዓመቱን ሙሉ ከመስኮቱ ላይ አላነሳኋቸውም።

ከዓመታት በኋላ ቡሬ መናኸሪያ ልጅ አዝላ አገኘኋት። ተቃቅፈን ሰላምታው ሳያልቅ፦

«ሦስተኛውስ? የት አረፈ?» አለችኝ።

 «ሦስቱም አንዲት ነጥብ ላይ ይገናኛሉ» አልኳት። «እቤትሽ ስትገቢ የግድግዳውን ጥግ እዪው፤ እዚያ አለልሽ።»

«ጥግ?» አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሣቀች። «የኔ ጎጆ ክብ አይደል እቴ፤ ከየት አባቴ ላየው!»

እኔ መሣቅ አቃተኝ። ረዳቱ «ሞልቷል፣ ግቢ!» እያለ ሲጮኽብኝ እጇን አልለቀቅኩም ነበር።