እባብ ልገዛ ሄጄ ዋስ ጥሪ ተባልኩ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቦታው መካነ ሰላም ገበያ፣ ዶሮ ተራ። እዚያ የቆምኩት ግን ዶሮ ልገዛ አልነበረም። እባብ ልገዛ ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው “እብድ ነች” ሊል ይችላል፤ እስክጨርስ ድረስ ይታገሠኝ። ያቺን ጠዋት የማልረሳት ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው የኖርኩትን ነገር ስላሠራችኝ ነው። እባብ መያዝ ማለቴ አይደለም። ሰው በተሰበሰበበት ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር ማለቴ ነው።

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በቤት እባብ ላይ ነበር። የቤት እባብ የምለው ያንን መርዝ የሌለውን፣ ቡናማውን፣ አይጥ እየበላ ከሰው መኖሪያ አጠገብ የሚኖረውን ነው። ለጥናቱ ስል አንዱን በየቀኑ እየያዝኩ እመዝነው፣ እለካው ነበር። እባብ ይዤ ፈርቼ አላውቅም። ሰው ፊት ስቆም ግን ድምፄ ይጠፋል። ዛሬም ቢሆን ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎቼ “ቲቸር፣ አይሰማም!” ሳይሉኝ የሚያልቅ ክፍለ ጊዜ የለም። ተመርቄ መካነ ሰላም ከተመደብኩ ጀምሮ፣ ከሥራ ስመለስ ቤቴ የሚጠብቀኝ የራሴ የሆነ አንድ እባብ ቢኖረኝ ብዬ እመኝ ነበር።

ጥንቃቄ እወዳለሁ። ስለዚህ እባቡን ሳልፈልግ በፊት ሳጥኑን አሠራሁ። ፊቱ መስታወት፣ ጎኑ ወንፊት፣ ክዳኑ ቁልፍ ያለው። አናጺው ጫጩት ላሳድግበት መስሎት “አየር ያንሳታል” ብሎ መከረኝ። እኔም አላረምኩትም፤ አመሰገንኩት። ከዚያ እባቡን ለማስተማሪያም እንደምጠቀምበት ለዳይሬክተራችን አስረድቼ፣ ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ አጻፍኩ። ሁሉን አሟላሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ለአከራዬ ለእማማ ዘምዘም መንገር።

እማማ ዘምዘም ቅመም ነጋዴ ናቸው። ሁለት ዓመት ግቢያቸው ውስጥ ስኖር እንደ ልጃቸው ነው የያዙኝ። ግን አንድ ሕግ አላቸው፤ እንስሳ ግቢው ውስጥ አይገባም። ድሮ የሚወዷት ድመት ነበረቻቸው። መርዝ የበላ አይጥ በልታ ደጃፋቸው ላይ ሞተች። “ሁለተኛ ሕይወት ያለው ነገር ቤቴ ገብቶ ሲሞት አላይም” ብለው ማሉ። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ሳጥኑን በአንሶላ ሸፍኜ ክፍሌ ያስገባሁት።

እባቡን የጠቆመኝ አብሮኝ የሚያስተምረው የወግዲው ልጅ ሰይድ ነው። “አያ ይመር የሚባሉ ያገሬ ሰው አሉ፤ ቤታቸው ከወግዲ በታች ቆላው ላይ ነው፤ ጎተራቸውን የሚጠብቅላቸው ድመት ሳይሆን እባብ ነው” አለኝ። ደግሞ ሳቀብኝ። “ሌላዋ ሴት ወርቅ ታማርጣለች፣ አንቺ እባብ። የሚያገባሽ ሰው ወየውለት!” ቢስቅም ደውሎ ቀጠሮ ያዘልኝ፤ ቅዳሜ አብሮኝ ሊሄድም ቃል ገባ። በዚያ ጠዋት ግን ወረኢሉ ዘመድ ሞቶበት ሌሊት ተነሥቶ ሄደ። እኔ ብቻዬን ዶሮ ተራ ቆምኩ።

አያ ይመር ከአጥሩ ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊት ለፊታቸው እግራቸው የታሰረ አራት ዶሮዎች ተጋድመዋል። በጎናቸው በጠፍር የታሰረ አገልግል አለ።

“እንደምን አደሩ፣ አባባ” አልኳቸው።

“ማን ነው እሱ?” ብለው ቀና አሉ። “ሰው ነው የተናገረው ወይስ ንፋስ? ቀረብ በይ እንጂ ልጄ!”

መምህርቷ መሆኔን ነገርኳቸው። ዙሪያቸውን ገልመጥ አድርገው፣ ሰው እንዳያይ በጋቢያቸው ከልለው አገልግሉን ከፈቱት። ውስጡ ሁለት የጨርቅ ከረጢቶች ነበሩ። “ሁለት አምጥቻለሁ። የወደድሽውን ምረጪ።”

የመጀመሪያው ረጅም ነው፤ ቆዳው ቅቤ እንደተቀባ ያብረቀርቃል። ልቤ ወዲያው እሱ ላይ አረፈ። ግን ጆሮዬን ወደ አፉ ሳስጠጋ፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሰማሁ። በከንፈሩ ጥግም ትንሽ አረፋ አየሁ። “ብርድ መትቶታል፣ አባባ” አልኩ። አዘኑ። “ይሄ ደጋችሁ ነው የመታው። በይ ወደ ጎተራው ይመለስ” ብለው ቀስ ብለው ወደ ከረጢቱ መልሰው ከጋቢያቸው ሥር ሸጎጡት።

ሁለተኛው ትንሽ ነው። ጭራው ጫፍ ላይ ጠባሳ አለው። ዓይኑን አየሁ፤ ጥርት ያለ ነው። ሆዱን በጣቴ ዳሰስኩ፤ መዥገር የለበትም። አፉን ቀስ ብዬ ከፍቼ አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ጣቶቼ ላይ ተጠምጥሞ፣ ምላሱን አንድ ሁለቴ አውጥቶ፣ ዝም አለ። ለካ እንዲህ ያለውን ነበር የምፈልገው።

“በግ የሚገዛ ሰው እንኳ እንዲህ አያገላብጥም” አሉ አያ ይመር። “ጥርሱን ማየት ብቻ ቀረሽ።”

“ጥርሱንም አይቻለሁ” አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ።

ዋጋ ስጠይቃቸው ጭንቅላታቸውን አከኩ። “እኔ እባብ ሸጬ አላውቅም። የአንድ ቄብ ዶሮ ዋጋ ስጪኝ። በነፃ የተሰጠ ነገር አይከበርም ብዬ ነው።” ከፈልኩ። እባቡን ወደ አገልግሉ መልሰው ክዳኑን አሰሩት። ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ግን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

“አሁን ዋስ ጥሪ።”

ዋስ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከብት ተራ የማያውቁት ሰው በሬ ሲሸጥ፣ ገዢው በሬው የሌባ አለመሆኑን የሚመሰክር ዋስ ያስጠራዋል። ገዢ ዋስ ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም።

“ባለፈው አንዱ ለአይጥ ነው ብሎ ወሰደብኝ” አሉ። “በሳምንቱ ለመድኃኒት ቀማሚ እንደሰጠው ሰማሁ። አርደውት! ከጎተራዬ የወጣ የቤቴ ሰው ነው፣ ልጄ። እንደማትገድይው፣ እንደማታስገድይው ሰው ይቁምልኝ።”

ደብዳቤዬን ቶሎ ብዬ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ተቀብለው ከላይ እስከ ታች በእርጋታ አነበቡት። አጥፈው መለሱልኝ።

“ማኅተሙ ያምራል። ግን ነገ እባቡ ቢሞት፣ ይሄ ወረቀት መጥቶ ይወቀስልኛል? ሰው አምጪ።”

ሰይድ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ዳይሬክተራችን ደሴ ሄደዋል። አጠገባችን ዶሮ የሚያሻሽጥ አንድ ደላላ ነበር፤ ዋስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ዘሎ መጣ። “ምንድን ነው ነገሩ? ማር ነው እንዴ አገልግሉ ውስጥ ያለው? እኔ ዋስ እሆናለሁ፤ የሻይ ብቻ!”

“አንተ ለራስህም ዋስ የለህ” አሉት አያ ይመር።

ሰው ሳቀ። የሳቀውን ለማየት ሌላ ሰው መጣ። በአንድ አፍታ ተከበብኩ። “ምን አርጋ ነው?” “ዋስ አጥታ ነው አሉ።” “ሰርቃ ነው?” ጆሮዬ ጋለ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። በቃ ልተወው፣ ልሂድ ብዬ ዞርኩ። ያን ጊዜ ከቅመም ተራ በኩል የማውቀው ድምፅ መጣ።

“ወጊዱ እስቲ! ምን አርጋችኋት ነው ልጄን?”

እማማ ዘምዘም ናቸው። ቅመም የሚሰፍሩበትን ጣሳ በእጃቸው እንደያዙ ሰዉን እየገፉ ገቡ። ደላላው ነገራቸው፤ “ዋስ አጥታ ነው፣ እማማ።”

“የምን ዋስ? እሷ ገዢ አይደለች እንዴ?” የታሰሩትን ዶሮዎች አዩ። “ያረቢ! ከመቼ ወዲህ ነው ዶሮ የሚገዛ ሰው ዋስ የሚጠራው? አንቱ ሰውዬ! ይቺ ልጅ ሁለት ዓመት ቤቴ ስትኖር የጎረቤት ጫጩት እሽ ብላ አታውቅም። ዋሷ እኔ ነኝ! ዘምዘም ነው ስሜ፤ ቅመም ተራ ቢጠይቁ የማያውቀኝ የለም። ለገዛችው ነገር ተጠያቂ እኔ ነኝ፣ ወላሂ!”

“ይበቃኛል” አሉ አያ ይመር። አገልግሉን ወደ እኔ ገፉት። “ይባርክልሽ።”

ተቀብዬ መሄድ እችል ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ አፍታ አስቤዋለሁም። ሳጥኑ ተሸፍኗል፤ ቁልፉ በእጄ ነው፤ ማን ያያል? ግን እማማ በአላህ ስም ምለውልኛል፤ በምን ላይ እንደማሉ ግን አያውቁም። አገልግሉ እጄ ላይ ከበደኝ። መሬት አስቀመጥኩት።

“ዋስነትዎን ያንሱ፣ እማማ!” አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ፤ ዶሮ ተራው ሁሉ ሰማው። “ዶሮ አይደለም፣ እባብ ነው። ሳልነግርዎት ቤትዎ ላስገባው ነበር። ይቅር ይበሉኝ፣ አፉ ይበሉኝ!”

ክቡ ባንዴ ሰፋ። ደላላው ወደ ኋላ ሲዘል የራሱን ዶሮዎች ረገጠ፤ ዶሮዎቹ እየጮኹ ተበተኑ። እማማ ግን አልሸሹም። ጣሳቸውን እንደያዙ ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። አገልግሉን እያዩ ጠየቁኝ።

“ይነድፋል?”

“መርዝ የለውም፣ እማማ።”

“ምንድን ነው ቀለቡ?”

“አይጥ ነው።”

ፊታቸው ተለወጠ። “መርዝ የበላ አይጥ ቢበላስ? እንደዚያች እንደ ድመቴ?”

ለካ የፈሩት እባቡን ሳይሆን ሞቱን ኖሯል። ከሳጥኑ እንደማይወጣ፣ የሚበላውን በወጥመድ ይዤ እኔው እንደምሰጠው ነገርኳቸው። እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

“እማማ ይተዉት!” አለ ደላላው ዶሮ እያሳደደ። “ሳያውቁ የማሉት አይቆጠርም!”

“አንተ ዶሮህን ልቀም!” አሉት። ከዚያ ወደ አያ ይመር ዞሩ። “ገበያ መሐል ያወጣሁትን ቃል ቤቴ ስገባ አልውጠውም። እንዳልኩት ነው። ዋስ ነኝ።” ለእኔ ደግሞ ጣታቸውን አነሡ። “አንቺ ግን መደበቅሽን አልረሳልሽም። ደግሞ ማታ ማታ ስሙን እንዳትጠሪብኝ። እንግዳው በይው።”

እንግዳውን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። እማማ ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው፣ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላዬ እየተከተሉ ሸኙኝ። በመንገድ የመጀመሪያው እባብ ብርድ መትቶት እንደመለስነው ነገርኳቸው። “አይ ደጋ” ብቻ አሉ። ቤት ስንደርስ መጀመሪያ ያደረጉት ከየጥጉ የአይጥ መርዛቸውን ለቅመው ጉድጓድ መጣል ነበር።

አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። እንግዳው ወፍሯል፤ ሦስት ጊዜ ቆዳውን ቀይሯል። ክፍል ይዤው ስገባ ከኋላ ያሉት ተማሪዎች “አይሰማም” አይሉም፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። አያ ይመርም ገበያ በመጡ ቁጥር ቅመም ተራ ጎራ ብለው “የእኛ ሰው እንዴት ነው?” ይላሉ። እማማ አንድም ቀን በመስታወቱ አላዩትም፤ ደኅንነቱን ግን አጣርተው ይነግሯቸዋል። ያን ቀን ለምን ቀድሜ እንዳልነገርኳቸው ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ። ይሁንና በነገሩ ደስተኛ ነኝ። ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ደግሞ የማግስቱን ጠዋት ነው።

እሁድ ነበር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው በስንጥቁ አንድ እጅ ብቻ ገባ፤ እጁ የሞቀ ውኃ የያዘ፣ በካልሲ የተጠቀለለ ጠርሙስ ጨብጧል። እማማ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆመዋል።

“እንቺ። ብርድ ቢመታው የምጠየቀው እኔ ነኝ። አለ?”

“አለ፣ እማማ።”

“አልሐምዱሊላህ።”

የሳጥኑ ወለል እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር። ከጠርሙሱ ሥር የማነጥፈው ወፈር ያለ ወረቀት ፈለግሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው አንድ ነበር፤ ደብዳቤው። ዳይሬክተራችን ይህን ካነበቡ አፉ ይበሉኝ። ማኅተሙን ወደ ላይ አድርጌ አነጠፍኩት፤ ጠርሙሱን ከላዩ አስቀመጥኩ። እንግዳው ከጥጉ ቀስ ብሎ ወጣ። በማኅተሙ ላይ አለፈና ጠርሙሱን ተጠግቶ ተጠቀለለ።

“ሞቀው?” አሉ እማማ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ።

“ሞቀው!” አልኳቸው፣ ጮክ ብዬ።