የኤዶ ሐዋ ብርቱካን

የሥዕል ክፍሌ በር ላይ የሰቀልኩት የዶቃ መጋረጃ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል። ዛሬ ቀለም ሳይደባልቁ በነጠብጣብ ብቻ ስለሚስሉና መደባለቁን ለተመልካች ዓይን ስለሚተዉ ሠዓሊዎች እያስተማርኩ ያ ድምፅ ሲሰማኝ፣ ሐሳቤ ወደ ልጅነቴ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ሄደ፤ ኤዶ ሐዋ ሱቅ።

ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ እኔ ግን በድሬ ወግ «አንቺ» ነበር የምላት። ሽቶና ሽርጥ ትሸጣለች። በሯ ላይ በገዛ እጇ የሰካችው መጋረጃ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ሲያዩት አንድ ትልቅ ብርቱካን። ከዚያ ቀለም አንዲት ዶቃ ብቻ ለአንገቴ እንድትሰጠኝ ለመንኳት።

«ፈልጊና ውሰጃ» አለችኝ።

ዶቃው በፀሐይ ግሎ ጣቴን እየፈጀኝ ክሩን ሁሉ በረበርኩ። ቀይ አለ፤ ቢጫ አለ፤ ብርቱካናማ የሚባል የለም። ንፉግ፣ አታለለችኝ ብዬ ሳኮርፍ፣ ትከሻዬን ይዛ መንገዱን አሻገረችኝ። ዞር ስል ብርቱካኑ ቁጭ ብሏል!

«አቦ፣ እኔ ቀይና ቢጫ ነው የሰካሁት» አለች እየሳቀች። «የቀረውን አንቺ ነሽ የሠራሽው።»

እንዴት? እኔ አንድም ዶቃ አልሰካሁም። ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልኩ።

ካረፈች በኋላ መጋረጃውን ልጇ ሰጠችኝ። አሁን ዶቃው እየረገፈ እዚህም እዚያም ሳስቷል። ተማሪዎቼ ግን ከክፍሉ ጥግ ሆነው ሲያዩት ዛሬም «ብርቱካን!» ይላሉ።

የቀረውን እነሱ ይሠሩላታል።