በኦሪት ሒሳብ ቤታችን ባዶ ነው

አባቴ ሰው አይቆጥርም። በግ ይቆጥራል፣ ወንበር ይቆጥራል፤ ስንት ልጆች እንዳሉት ሲጠየቅ ግን «እሱ የሰጠኝን ያህል» ይልና ወሬ ይቀይራል። ንጉሥ ዳዊት ሳይታዘዝ ሕዝቡን አስቆጥሮ መቅሰፍት አመጣ፤ አባቴ ደግሞ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከብሉይ ኪዳን ሌላ ጓደኛ የለውም።

ባለፈው ዓመት ዘይት ለማከፋፈል ቤተሰብ የምትመዘግብ ሴት ከወረዳ ተልካ ጀጎል ውስጥ ካለው ቤታችን መጣች። ጊደር መጋላ ገበያ የዘይት ዋጋ እሳት ሆኖ ስለነበር እናቴ ገና ሳትጠየቅ ልትናገር አፏን ከፈተች። አባቴ ቀደማት።

«ማን ቁጠሪ አለሽ?»

«ወረዳው ነው፣ አባባ።»

«የዳዊትንም ቆጣሪ የላከው የበላይ አካል ነበር።»

«ታዲያ ሙሳስ አልቆጠሩም?» አለች ሴትዮዋ።

አባቴ ደስ አለው፤ የሚከራከረው ሰው ካገኘ ቆይቷል። «ሙሴ ታዞ ነው። ያውም ሃያ ዓመት የሞላውን፣ ለጦርነት የሚወጣውን ወንድ ብቻ።»

«ወላሂ አባባ፣ ጦርነት የለም። ዘይት ነው።»

«ሥርዓቱ እሱ ነው። በዚያ ከሆነ ልቁጠርልሽ።»

ቆጠረም። እናቴ፣ አክስቴና እኔ ሴቶች ነን፤ ወጣን። እሱ ራሱ ጉልበቱን ታሞ በከዘራ ነው የሚሄደው፤ ለሰልፍ አይሆንም፤ ወጣ። ድምሩ ዜሮ ሆነ። ሴትዮዋ ስልኳ ላይ ስትሞላው ስልኩ «ቤቱ ባዶ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ቀና ብላ አራታችንንም አየችን። እኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በገዛ አባቴ ሒሳብ ግን ገና አልተፈጠርኩም። በጣም ተናደድኩ።

የአክስቴ ግን ይብሳል። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ከአንዱ ልጇ ቤት ወደ ሌላው ስትዞር ኖራ በመጨረሻ እኛ ጋ ገባች። በየሄደችበት መዝጋቢ ሲመጣ «የምትኖረው እዚያኛው ልጇ ጋ ነው» ይባልላታል። ያን ቀን የክት ነጠላዋን ለብሳ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነበር። ዘይቱ ጉዳይዋ አይደለም፤ ሐኪም ቅባት ከልክሏታል።

«እነዚያን ሁሉ ወታደሮች ማን ወለዳቸው?» አለችው ወንድሟን።

አባቴ ወደ ከዘራው አቀረቀረ።

«እኔን ቁጠረኝ። ቤቴ የት እንደሆነ ይታወቅ።»

«እትዬ፣ መቅሰፍት ይመጣል።» ድምፁ ተሰበረ። ለካ ይህን ሁሉ የሚከራከረው ፈርቶ ነው፤ ከመካከላችን በዕድሜ የገፋችው እሷ ናት።

«ይምጣ። ሲመጣ እቤቴ ያገኘኛል።»

አባቴ ከዘራውን ወደ እሷ ዘረጋ። «አንድ» አለ። ከዚያ ወዲያ ብንለምነው ብንለምነው ንቅንቅ አላለም።

ስለዚህ በወረዳው መዝገብ እቤታችን የምትኖረው አንዲት ብቸኛ አሮጊት ናት። ብቸኝነቷን ሰምተው ሊጠይቋት የመጡ ሰዎች እኛን ሲያዩ ግራ ተጋብተው ተመልሰዋል። ዘይቱ የሚመጣው በስሟ ነው። እናቴ ወጥ ልትሠራ ስትል እሷን ታስፈቅዳለች፤ አክስቴም አባቴን እያየች «ለስንት ሰው ነው?» ብላ ትጠይቃለች።

እሱ አይስቅም። ጠዋት ጠዋት ከጸሎቱ በፊት በከዘራው የክፍሏን በር ያንኳኳል።

«እትዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ» ትለዋለች። «የት እሄዳለሁ? ተቆጥሬአለሁ እኮ።»