ቅጠል ይዤ ዝም ያልኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የአንድ ተክል ሥዕል በስልኩ አሳየኝ። ቅጠሉ እንደ ጣት የተዘረጋ፣ ጠርዙ እንደ ማጭድ ጥርስ የሻከረ። «አባባ፣ ይሄ ሐሺሽ የሚሉት ነው፤ ድሮ ለቁስልና ለደም ማቆሚያ ይጠቀሙበት ነበር ይላል» አለኝ። ሽታው ከሃምሳ ዓመት ማዶ አፍንጫዬ ድረስ መጣ። ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ።

ከመካነ ሰላም ወዲያ ባለው መንደራችን፣ ያ ተክል በየኔታ ጓሮ ነበር። የኔታ የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ የተክሉን ስም ለማንም አይናገሩም። እርጥቡን ወቅጠው ቁስሉ ላይ ጠቅጥቀው ያስራሉ። እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ፣ ዳዊት ከመድገም ወሬ መድገም የሚቀናኝ ተማሪያቸው ነበርኩ።

ረሃቡ አልፎ ዝናብ በመጣበት ሰሞን፣ በክፉው ቀን ሳማ እየቀቀለ ያተረፈን ወንድሜ ለሞፈር የሚሆን ወይራ ሲጠርብ መጥረቢያው ሾልኮ ባቱን ከፈተው። እናታችን በነጠላዋ አሰረችው፤ ነጠላው ወዲያው ቀላ።

«አብሽር፣ ሩጥና ለየኔታ ንገር» አለኝ። እሱ እየደማ እኔን ያጽናናል!

የኔታ ቅጠሉን በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። «ቀድመህ አድርስ፤ እኔ በምርኩዜ እከተላለሁ። መድኃኒት የያዘ በመንገድ አይናገርም፤ ከተናገረ ኃይሉ ይሄዳል።»

አብዮት ነውና ወንዙ ዳር ኬላ ነበር። ሁለት ጠባቂዎች ጠመንጃ ደገኑብኝ።

«ቁም! ምንድን ነው የያዝከው?»

ዝም።

«ይሄ ለፍላፊው አይደለም እንዴ? ዛሬ ማን ዘጋው?»

«ወላሂ ምስጢር ቢይዝ ነው!»

በጥፊ አሉኝ። ጥርሴን ነከስኩ። ቋጠሮዬን ፈትተው ቅጠሉን ገልብጠው መረመሩት፤ መልእክት የተጻፈበት መስሏቸው። ቅጠል የሚፈራ መንግሥት! እኔም ጅሉ፣ አፌን ብከፍት ወንድሜን የምገድል መስሎኝ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ የኔታ እያለከለኩ ደረሱ።

«አንተ! እስካሁን እዚህ?»

አሁንም ዝም።

«ተናገር እንጂ! ወሬ ስትለቅም እንዳትዘገይ ብዬ ነው ዝም በል ያልኩህ፣ አንተ ከንቱ!»

ያኔ «ወንድሜ እየደማ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ጠባቂዎቹ ለቀቁን። ስንደርስ እናቴ ያንኑ ነጠላ የወንድሜ ፊት ላይ አልብሳዋለች።

ቅጠሉ ያድነው ነበር? አላውቅም። ሳይሞከር ኬላ ላይ ጠወለገ፤ ንዴቴ ግን እስከ ዛሬ አልጠወለገም። አሁን በሠርጉም በለቅሶውም ስለፈልፍ እኩዮቼ «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ይገሥጹኛል። ይነቅዛል እንጂ! ነቅዞ ሰው ሲበላ አይቻለሁ።