ነጠላው ላይ የታየው ኩላሊት

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ነፍሰ ጡር ሆኜ ከኮምቦልቻ ደሴ ሆስፒታል ለምርመራ ወጣሁ። ሐኪሙ ያኔ ብርቅ በነበረው አልትራሳውንድ ሆዴን አየና፣ «የልጁ አንዱ ኩላሊት ሽንት ቋጥሮ ትንሽ ሰፋ ብሏል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይስተካከላል፤ ሲወለድ ደግመን እናየዋለን» አለኝ።

አማቴ ይህን ሲሰሙ፣ «ውሃ ቋጥሮማ ውሃ አይጨመርበትም!» ብለው መጠጣት ከለከሉኝ። በኮምቦልቻ ሙቀት! ተናድጄ በቀጠሮዬ ቀን ይዣቸው ሄድኩ። «እናቴ፣ እሷ ብትጠማ የልጁ ኩላሊት የቋጠረው አይጎድልም፤ ያጠጧት» አላቸው ሐኪሙ። ከዚያ ወዲያ ጣሳ ይዘው ይከተሉኝ ጀመር።

ልጄ ተወልዶ ሲያቅፉት፣ ሰው እንዲነካባቸው የማይፈልጉትን የሶላት ነጠላቸውን አራሰው። «አልሐምዱሊላህ፣ ሸና!» ብለው እልል አሉ።

በኋላ ሐኪሙ መርምሮ «ኩላሊቱ ደህና ነው» ሲለን እኔ አለቀስኩ። እሳቸው ግን፣ «እኔማ ነጠላዬ ላይ አይቼዋለሁ» አሉት።